አንገት ላይ የወጣ እብጠት፦ ታይመስን ከመጠርጠር በፊት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንገቱ ላይ እብጠት ያለበት ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ገበያ ወጥቶ በርበሬ የሚሰፍሩትን እናቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው ከማተባቸው ሥር ጎላ ብሎ የወጣ አንገት ያጋጥመዋል። ለተመልካች የተለመደ ነገር ነው። ባለቤቱ ግን ማታ ማታ በጣቱ እየዳሰሰ «አደገ ወይስ እንደነበረ ነው?» ማለቱን አይተውም። ከተማ የሚማር ልጅ ደግሞ በስልኩ ያነበበውን ይዞ መጥቶ «ደረት ውስጥ ታይመስ የሚባል እጢ አለ፤ እሱ ታሞ ይሆናል» ካለ ጭንቀቱ ይብሳል።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ምክንያቱ ያልታወቀ የአንገት እብጠት ከታይመስ የሚነሣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በእኛ አካባቢ ቀድመው መጠርጠር ያለባቸው ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የታይሮይድ እጢ ማበጥ ማለትም እንቅርት ነው፣ ሁለተኛው የንፍፊት ቲቢ ነው። ሁለቱም ሕክምና አላቸው፤ ሁለቱም ቢዘገዩ ይጎዳሉ። ሩቅ ያለውን ብርቅ በሽታ እየፈሩ ደጅ ላይ ያለውን መርሳት ትልቁ አደጋ ነው። ታይመስ ሲታመም የሚያሳያቸው የራሱ ምልክቶች ስላሉ እነሱን ለይቶ ማወቅ ፍርሃቱንም ልክ ያስይዘዋል።

ታይመስ የት ነው? ምንስ ይሠራል?

ታይመስና ታይሮይድ ስማቸው ስለሚቀራረብ ይምታታሉ እንጂ ሥራቸውም ቦታቸውም የተለያየ ነው። ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን ከፊት አቅፎ የተቀመጠ እጢ ነው። በእጅ የሚዳሰሰው እሱ ነው። ታይመስ ግን ከፍርንባው አጥንት ኋላ፣ ከልብ በላይ ተሸሽጎ ይገኛል። ጤነኛ ታይመስን ከውጭ ማየትም መዳሰስም አይቻልም።

ታይመስ የሚሠራው ለሰውነት መከላከያ ነው። ከአጥንት መቅኔ የሚመጡ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ታይመስ ገብተው ይበስላሉ። ባዕድ ተውሳክን ከራስ አካል መለየት የማይችሉትና የገዛ አካልን ሊያጠቁ የሚችሉት እዚያው ይወገዳሉ፤ የቀሩት ቲ ሴል ተብለው ወደ ደም ይሰማራሉ። ይህ ሥራው የታወቀው ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ያኔ ለንደን ውስጥ ይመራመር የነበረው ዣክ ሚለር ገና በተወለዱ አይጦች ላይ ታይመስን አውጥቶ መከላከያቸው እንደሚሽመደመድ አሳየ። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪሞች ታይመስን ጥቅሙ ያለፈበት ትርፍ ሥጋ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። ታይመስ በልጅነት ትልቅ ነው፤ እስከ ጉርምስና ያድግና ከዚያ በኋላ እየሟሸሸ በስብ ይተካል። ስለዚህ የ50 ዓመት ሰው አንገቱ ሲያብጥ ታይመሱ አድጎ ወጣ ብሎ ማሰብ ከተፈጥሮ አካሄድ ጋር አይሄድም።

ታይመስን ከአንገት ጋር የሚያገናኘው አንድ እውነት ግን አለ። ጽንስ በማሕፀን ሳለ ታይመስ መሠራት የሚጀምረው አንገት አካባቢ ነው፤ በኋላ ወደ ደረት ይወርዳል። ሲወርድ አንገት ላይ ቁራጭ ጥሎ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከዚህ ቅሪት ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ሊበቅል ይችላል። የሚታየው በአብዛኛው በልጆች፣ ከአንገት በአንድ ጎን፣ ለስለስ ብሎ ነው። ይህም ቢሆን ብርቅ ነው፤ የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ናሙናው ሲመረመር ነው። በእንስሳት ነገሩ ይለያል፤ የጠቦት ታይመስ ከደረቱ አልፎ በአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ አንገቱ ድረስ ይዘልቃል። ለጋ ጠቦት የበለተ ሰው ያን ፈዘዝ ያለ ለስላሳ ሥጋ አይቶት ይሆናል።

ያለ ቦታው የገባ ፍርሃት ያደረሰው ጉዳት

ታይመስን በከንቱ መፍራት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካና በአውሮፓ የነበሩ ሐኪሞች የሕፃናት ታይመስ ትልቅ ሆኖ ሲያዩት በሽታ መሰላቸው። በድንገት የሚሞቱ ሕፃናትን ትንፋሽ የሚያፍነው እሱ ነው ብለው ደመደሙ። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ታይመሱን ለማሟሸሽ የጤነኛ ሕፃናትን ደረትና አንገት በጨረር ይመቱ ጀመር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ከእነዚህ ልጆች በርካቶቹ የታይሮይድ ካንሰር ይዟቸው ሲመጡ ጥፋቱ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ከ1950 ወዲህ የወጡ ጥናቶች ጨረሩንና ካንሰሩን አገናኙ። የሕፃን ታይመስ ትልቅ መሆኑ ጤናማ ተፈጥሮው ነበር፤ ያለ በቂ ምርመራ የተሰጠው «ሕክምና» ግን አጠገቡ ያለውን ታይሮይድ ጎዳ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሥሩ ሳይታወቅ እብጠትን ለማጥፋት መሯሯጥ ከበሽታው በላይ ሊጎዳ ይችላል።

ታይመስ በእርግጥ ሲታመም

ታይመስ ላይ የሚወጣ ዕጢ ታይሞማ ይባላል። በአሜሪካ እንኳ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢይዝ ነው። የታይመስ ሕመም ራሱን የሚገልጠው በሚከተሉት መንገዶች ነው።

አንደኛው የጡንቻ መድከም ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው በሽታ ከታይመስ ጋር የተቆራኘ ነው፤ የታይሞማ ሕመምተኞች ከሦስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይህ በሽታ አለባቸው። ሰውየው ጠዋት ደህና ይነሣል፤ ቀኑ እየመሸ ሲሄድ የዓይኑ ቆብ ይወድቃል፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። እንጀራ ሲያኝክ መንጋጋው ይዝላል፤ ብዙ ሲናገር ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል። አረፍ ሲል ይሻለዋል፤ ሲሠራ ይመለስበታል።

ሁለተኛው ደረት ውስጥ የሚፈጠር መጨናነቅ ነው። ዕጢው አድጎ ከጭንቅላትና ከክንድ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ደም ሥር ከተጫነ ፊትና አንገት በአንድነት ያብጣሉ፤ የአንገትና የደረት ደም ሥሮች ተገትረው ይታያሉ። ጠዋት ይብሳል። ለስግደት ወይም ለአረም ሲያጎነብሱ ጭንቅላት የሚፈነዳ ይመስላል። ልብ በሉ፤ ይህ እብጠት ዙሪያውን የተነፋ አንገት ነው፣ በጣት የሚለይ እብጥ አይደለም። ከደረት ሕመም፣ ከማይለቅ ሳልና ከትንፋሽ እጥረት ጋርም ሊመጣ ይችላል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም።

ሦስተኛው የንፍፊት ካንሰር፣ ማለትም ሊምፎማ፣ ታይመስን ሲይዝ ነው። በተለይ በጎረምሶችና በወጣቶች ላይ ደረት ውስጥ ያለው ዕጢ ከአንገት ንፍፊቶች ጋር አብሮ ሊያድግ ይችላል። በሳምንታት ውስጥ የሚፋፋ እብጠት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ትኩሳትና ክሳት አብረው ከመጡ ሐኪሙ ደረትን በራጅ ማየቱ የግድ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ፣ ግሬቭስ በሚባለው በሽታ፣ ታይመስ በዚያ ምክንያት ሊተልቅ ይችላል። ታይሮይዱ ሲታከም እሱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያደገ እንቅርትም ከፍርንባው ኋላ ወርዶ የታይመስን ስፍራ ሊይዝ ይችላል፤ በራጅ ሲታይ የታይመስ ዕጢ ይመስላል። የሚለየው በሲቲ ስካን ነው። ወደ ደረት የወረደ እንቅርትን በቤት የሚያስጠረጥር አንድ ነገር አለ፤ ሁለት እጅን ወደ ላይ አንሥቶ ከጆሮ ጋር አስጠግቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል መቆየት። ፊት ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ጭንቅላት ከከበደ እጅን አውርዶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ተጠርጣሪ፦ እንቅርት

ታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በ70 ዓመት ዕድሜ ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። ይህች ኢምንት መጠን ስትጎድል አእምሮ ታይሮይዱን «ሥራ፣ ሥራ» እያለ ይጎተጉተዋል። እጢውም ከጎደለው ነገር የበለጠ ለመያዝ ሲል ያድጋል። እንቅርት ማለት ይህ ነው።

ደጋ አገር ለዚህ የተጋለጠ ነው። ለዘመናት የጣለ ዝናብ የአፈሩን አዮዲን አጥቦ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ ባሕር ይወስደዋል። በዚያ አፈር የበቀለው ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ አዮዲኑ ጥቂት ነው፤ ያንን ሣር የጋጠችው ላም ወተትም እንዲሁ። እርሻው ቢያምር፣ ጎተራው ቢሞላ አዮዲን ግን ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ እንቅርት የድሃ ብቻ በሽታ አይደለም። በአልፕስ ተራሮች ሥር ያሉት የስዊዘርላንድ ሰዎችም በዚሁ ሲሠቃዩ ኖረዋል። የበርኑ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በታይሮይድ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ብዙ እንቅርት ከነበረበት ከዚያ አገር ነው። ስዊዘርላንድ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመረችና እንቅርቱ በትውልድ ውስጥ እየጠፋ ሄደ።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሴቶች በ36ቱ ገደማ እንቅርት መኖሩን አሳይቷል፤ ብዙዎቹ በእጅ ካልተዳሰሱ የማይታዩ ናቸው። ጉዳቱ ከመልክ ያልፋል። አዮዲን የጎደላት እናት ጽንስ ሊያስወርዳት፣ ልጅዋ ሞቶ ሊወለድ ወይም አእምሮው ሳይጎለብት ሊቀር ይችላል። ትምህርት ቤት «አይገባውም» የሚባል ልጅ ችግሩ የጀመረው እናቱ ማሕፀን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

እንቅርት ያለበት ሁሉ ሆርሞኑ ተዛብቷል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ሆርሞናቸው ልክ ነው። ሲያንስ ሰውየው ይደክመዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ሆድ ድርቀት ይይዘዋል፣ ውፍረት ይጨምራል። ሲበዛ ደግሞ እየበላ ይከሳል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ ዓይኑም ሊፈጥ ይችላል። ይህ በደም ምርመራ ይለያል። ለሚያንሰው ታይሮክሲን፣ ለሚበዛው እንደ ፒቲዩ ያለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል።

አዲስና ትንሽ እንቅርት፣ በተለይ የልጆች፣ አዮዲን ሲያገኝ ይቀንሳል። ለዓመታት የቆየና ጓጉሎ የተቋጠረ ግን በጨው ብቻ አይመለስም። ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ትንፋሽ ወይም ምግብ ሲከለክል፣ ካንሰር ሲጠረጠር ወይም በመድኃኒት አልገታ ሲል ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ፦ የንፍፊት ቲቢ

ንፍፊት በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያሉ ትንንሽ እጢዎች ማበጥ ነው። የእነዚህ እጢዎች ሥራ ተውሳክን መያዝ ነው፤ አጠገባቸው ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር ያብጣሉ። ልጅ ራሱ ላይ ጭርት ወይም ቁስል ካለበት ማጅራቱ ላይ፣ ጥርሱ ከበሰበሰ ወይም ቶንሲሉ ከታመመ መንጋጋው ሥር ንፍፊት ይወጣል። ሲነኩት ያማል፣ ከጣት ሥር ይንሸራተታል፣ ሥሩ ሲታከም በጥቂት ሳምንት ይሟሽሻል። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም።

የቲቢው ጠባይ ይለያል። ብዙ ጊዜ አያምም። በአንገት አንድ ጎን ይጀምራል፤ አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ ሦስት ሆነው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ለሳምንታትና ለወራት እያዘገመ ያድጋል። ከቆየ መሐሉ ይለሰልስና ይፈነዳል፤ ቁስሉም እየመገለ አልድን ይላል። ሳል ላይኖር ይችላል። «ቲቢ የሳንባ ነው፤ እኔ አላስልም» ብሎ የሚዘናጋው ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡ የቲቢ ሕመምተኞች ከሦስት አንዱ ያህል ቲቢው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ከእነዚህም ቀዳሚው የንፍፊት ነው። ይህ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ነው።

ምርመራው በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ናሙና መውሰድ ነው። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ በጂን ኤክስፐርት መሣሪያም ሊመረመር ይችላል። «እብጠት በመርፌ ከተነካ ይዛመታል» የሚባለው ሰዎችን ከምርመራ ያስቀረ ወሬ ነው፤ ምርመራው ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ በመላው ዓለም የሚሠራበት ነው። ሕክምናው በመደበኛው አካሄድ ስድስት ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል። ሽንት ብርቱካንማ ሲሆን ሕመምተኛው ይደነግጣል፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው እንጂ ደም አይደለም። እብጠቱም በሕክምናው መካከል ለጊዜው ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ለሐኪም መንገር ነው እንጂ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። ሳንባው ንጹሕ ከሆነ የንፍፊት ቲቢ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ዕቃ መለየትና ከማዕድ ማራቅ አያስፈልግም። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረጋል፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ራሱ ንፍፊት ያሳብጣል፣ ለቲቢም በር ይከፍታል።

አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ ሁለት የተለያዩ የአንገት እብጠቶችን ነው የደራረቡት። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር በድንገት የሚመጣ፣ ትኩሳትና ሕመም ያለው፣ በሳምንት ገደማ የሚያልፍ የቫይረስ በሽታ ነው። ከእነዚህ ሌላ ከቆዳ ሥር ያለ ለስላሳ የስብ ቋጠሮ፣ ከውልደት የቀረ ፈሳሽ ከረጢት፣ የምራቅ እጢ እብጠትና ካንሰርም አሉ።

በቤት ውስጥ ምን ማየት ይቻላል?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንገቷ ያበጠ እናት ስትመጣላት መጀመሪያ የምትጠይቃት ቀላል ነገር ነው። «እማማ፣ እስቲ ቀና ይበሉና ይቺን ውሃ ጉንጭ አድርገው ይዋጡልኝ።» ውሃው ሲዋጥ እብጠቱ አብሮ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ከተመለሰ ከታይሮይድ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው፤ ታይሮይድ ከአየር ቧንቧው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከማንቁርት ጋር ይንቀሳቀሳል። እብጠቱ በጎን ሆኖ ባለበት ከቀረ ንፍፊት ወይም ሌላ ነገር ይጠረጠራል። ልክ መሐል ላይ ያለና ምላስ ሲወጣ ከፍ የሚል እብጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውልደት የቀረ ከረጢት ነው። መስታወት ያለው ሰው ይህን ራሱ ማየት ይችላል። ይህ መጠርጠሪያ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ምርመራ ነው።

ከዚያ ጊዜውን መቁጠር ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት ይታይ። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር፦

- እብጠቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ካደገ፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ወይም ሲገፉት አልነቃነቅ ካለ፤
- ድምፅ ከሻከረና ካልተመለሰ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሲተነፍሱ ፉጨት ካለ፤
- ከአንገት ግርጌ፣ ከትከሻ ወደ ደረት ከሚመጣው አግዳሚ አጥንት በላይ እብጥ ከወጣ፤ ይህ ቦታ ከደረትና ከሆድ ውስጥ ለሚመጣ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤
- ክሳት፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ከተከተሉ፤
- የዓይን ቆብ መውደቅና የጡንቻ መዛል ከታየ፣ ወይም ፊትና አንገት አብረው ካበጡ።

የት ይኬዳል? ምን ይታዘዛል?

በገጠር መነሻው ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይላካል፤ የበለጠ ምርመራና ቀዶ ጥገና ሲያስፈልግ ሪፈሩ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን፣ አለዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ የሚቸኩለውን ከሚቆየው መለየት ለኪስም ለሕይወትም ይጠቅማል። ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ፣ ትንፋሽም መዋጥም ያልከለከለ እንቅርት መንገዱ እስኪከፈት ሊቆይ ይችላል። ትንፋሽ ያሳጠረ እብጠት አይቆይም።

ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። እጅ ይቀድማል፤ ከዚያ የታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድና የመርፌ ናሙና ይከተላሉ። የደረት ራጅ ቲቢንም ደረት ውስጥ የወረደ እንቅርትንም ትልቅ የታይመስ ዕጢንም ሊያሳይ ይችላል። ሲቲ ስካን የሚታዘዘው ራጁ ወይም ምልክቶቹ ወደ ደረት ሲያመለክቱ ነው። «ታይመሴን በሲቲ እዩልኝ» ብሎ ከመጨረሻው መጀመር ገንዘብ ያባክናል፣ ቲቢውንም ያስረሳል። የሐኪሙን ሥራ የሚያቀልለው መቼ እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንዳደገ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ወይም የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው መኖሩን፣ ምን ዓይነት ጨው እንደሚበላ በግልጽ መንገር ነው።

መደረግ የሌለበትም አለ። እብጠትን መተኮስ፣ መብጣት፣ በቅጠል ማቁሰል የቲቢን ቁስል ያሰፋል፤ ታይሮይድ ደግሞ ደም የበዛበት እጢ ስለሆነ መብጣቱ ለሕይወት ያሰጋል። እንቅርት ያስቀራል ተብሎ በአንገት ዙሪያ ይነቀስ የነበረው ንቅሳት ጌጥ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ አዮዲን አይጨምርም። የልጅ እንጥል መቁረጥም ለአንገት እብጠት ምንም አይፈይድም፤ መድማትና መመረዝ ያመጣል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥም ምርመራውን ያደናግራል።

ጨውን በተመለከተ

የእንቅርት መከላከያ እያንዳንዱ ማጀት ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በፊት አገር ውስጥ ይገባ የነበረው ጨው በአብዛኛው ከአሰብና ከምጽዋ አዮዲን ተጨምሮበት የሚመጣ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ገበያውን የያዘው የአፋር፣ በተለይ የአፍዴራ ጨው ሲሆን አዮዲን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የጨው አዮዲን ደንብ ቁጥር 204 አወጣ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 አሻቀበ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን «አዮዲን አለበት» ማለት «ይበቃል» ማለት አይደለም። ጨው ቤት ሲደርስ በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን ሊኖረው ይገባል፤ በቀን 10 ግራም የሚበላ ሰው ያኔ 150 ማይክሮግራሙን ያገኛል።

አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይጠፋል። ተከፍቶ በማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ ላይ የሚቸረቸር ጨው፣ ምድጃ አጠገብ ክዳን በሌለው ዕቃ የሚቀመጥ ጨው አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል። ጨው ታጥቦ ከደረቀም አዮዲኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል። በርበሬና ሽሮ ሲሰናዳ የሚገባው ጨው ከቅመሙ ጋር ስለሚሰጣና ከወጡ ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚፈላ በእሱ ብቻ መተማመን አይበቃም። የታሸገና አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን መግዛት፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። ጎመን እንቅርት ያመጣል የሚባለውም አዮዲን በበቃበት ቤት አያሰጋም፤ ጎመኑ አይቅር፣ ጨውዎ ይስተካከል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ለአዮዲን ብሎ ጨው አያብዛ፤ የሚበላው ጥቂት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። ለረጅም ዓመት የጓጎለ እንቅርት ያለበት ሰው ደግሞ አዮዲን ማግኘት ከጀመረ በኋላ ልቡ ከመታ፣ ክብደቱም ከቀነሰ ይመርመር፤ ያረጀ እንቅርት አዮዲን ሲያገኝ ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል።

እንግዲህ አንገቱ ያበጠ ሰው ራሱን የሚጠይቀው በዚህ ተራ ይሁን፤ ስውጥ ይንቀሳቀሳል? ምን ያህል ቆየ? አብሮት ትኩሳት፣ ላብ ወይም ክሳት አለ? ትንፋሽና ድምፅ ደህና ናቸው? የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አብዛኛውን ሰው ወደ እንቅርት ወይም ወደ ንፍፊት ይመሩታል፤ ሁለቱንም ጤና ጣቢያው ያውቃቸዋል። የታይመስ ጥያቄ የሚነሣው የዓይን ቆብ ወደ ማታ ሲወድቅ፣ ፊትና አንገት አብረው ሲነፉ ወይም ራጁ ደረት ውስጥ ጥላ ሲያሳይ ነው፤ ያኔም ጥያቄውን የሚያነሣው ሐኪሙ ይሁን።